ጠገራው ለምን ተቀበረ? ለምንስ ሳይወጣ ቀረ?

ይህን ታሪክ ሳትሰሙት አትቀሩም። አንድ አያት ወይም ቅድመ አያት ጠገራ ብራቸውን በገንቦ ሞልተው ቀበሩ። ቦታውን ለሚስትም ለልጅም አልተናገሩም። አንድ ቀን በድንገት ታመሙ፣ አንደበታቸው ተያዘ፣ ሳይናዘዙ አረፉ። ልጆቹ ጓሮውን ቆፈሩ፣ ጉልቻውን ነቀሉ፤ ምንም የለም። «እዚያ ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ» እየተባለ ሦስተኛው ትውልድ ደረሰ።

ወጉ በወላይታ ሶዶም ይነገር፣ በሆቢቻዋ ቢጠና፣ በጎንደርም ይነገር በሐረርጌ ማንም አይገረምም። አብዛኞቻችን እንደ ተረት ሰምተን እናልፈዋለን። እኔ ግን ቁም ነገር አለው ባይ ነኝ። ከ1,000 ዓመት በፊት በሰሜን አውሮፓ የኖሩት ቫይኪንጎችም ይህንኑ አድርገዋል፤ የእነሱ ብር ዛሬም ከመሬት እየወጣ ነው። «ለምን ቀበሩት?» የሚለው ጥያቄ የታሪክ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። እስቲ ጥያቄውን ወደ ወላይታ አምጥተን እንየው። ወላይታ ላይ ሆኖ ሲታይ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል።

ከወለል ሥር የወጣው 67 ኪሎ

ጎትላንድ የስዊድን ደሴት ናት። ከዚህች አንድ ደሴት ብቻ ከ700 በላይ የተቀበረ የብር ክምችት ተገኝቷል። ትልቁ የተገኘው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስፒሊንግስ በሚባል የእርሻ ቦታ ነው። ነገሩ ፊልም ይመስላል፤ አንድ የቴሌቪዥን ቡድን የተቀበረ ብር እየፈለጉ ስለሚዘርፉ ሰዎች ዘገባ ሊሠራ ወደ ቦታው ሄዶ ነበር። ዘጋቢዎቹ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ባለሙያዎቹ የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸውን ይዘው ቀጠሉ፤ መሣሪያው ጮኸ። ከአንድ የቫይኪንግ ዘመን ቤት ወለል ሥር 67 ኪሎ ገደማ ብር ወጣ። ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች ነበሩበት፣ የብር አምባርም ነበረበት። ሳንቲሞቹ በአብዛኛው ከባግዳድና ከመካከለኛው እስያ የመጡ የእስላም ዲርሃሞች ናቸው።

ቫይኪንጎች ሳንቲሙን ይመዝኑታል እንጂ አይቆጥሩትም ነበር። አምባሩንም ሳንቲሙንም ይቆራርጡታል፤ ንጹሕ ብር መሆኑን ለማየት በቢላ ጫፍ ይጭሩታል። ለእነሱ ዋጋው ማዕድኑ ነው። ያ ብር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቆዳና ከጸጉር ንግድ፣ ከባሪያ ንግድም ነው። ይህን አስታውሱት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ለምን ቀበሩት? ሁለት መልሶች ሲፎካከሩ ቆይተዋል። አንደኛው እምነት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን እንደ ጻፈው፣ ኦዲን የተባለው አምላካቸው ሰው በሕይወት ሳለ መሬት ውስጥ የደበቀውን በወዲያኛው ዓለም ይጠቀምበታል ብሎ ደንግጎላቸዋል። ሁለተኛው መልስ ቀላል ነው፤ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ባንክ አልነበረም፣ መሬት ካዝና ሆነ።

ሁለቱን ለመለየት አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ያያሉ። ብሩ የተጣለው ረግረግ ወይም ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ የጣለው ሰው መልሶ ሊያወጣው ያሰበ አይመስልም። ከቤት ወለል ሥር፣ ከምሰሶ አጠገብ ከሆነ ግን ባለቤቱ ሊመለስበት አስቧል ማለት ነው። የስፒሊንግሱ ከቤት ወለል ሥር ነው።

ሃያ ስምንት ግራም

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም «ብር» ነው፤ ቋንቋችን ራሱ ገንዘብ ማለት ብር የነበረበትን ዘመን ይዞ ቆይቷል። ያ ብር ደግሞ በአብዛኛው ጠገራው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ በዚያው ዓመት ቁጥር፣ በዚያው መልክ መመታቱን ቀጠለ።

ለምን ተወደደ? የእኛ ገበያተኛም እንደ ቫይኪንጉ ማዕድኑን ነበር የሚያምነው። በንግሥቲቱ ልብስ መያዣ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አይቶ፣ ያላለቀና ያልተፋቀ መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚቀበለው። የትኛውም ንጉሥ ሊያረክሰው አይችልም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው በፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ በክብደት ከጠገራው ጋር የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

እስቲ ትንሽ እናስላ። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል። ጠላት መጣ ሲባል ልጅ ይዞ፣ ከብት እየነዱ 28 ኪሎ ብር ተሸክሞ መሮጥ አይቻልም። ቤቱ የሣር ነው፤ ይቃጠላል። ቤት ትቶ መሄድም አይሆንም፤ ዘራፊ መጀመሪያ የሚፈትሸው ቤት ነው። መሬት ግን አይቃጠልም፣ አይነዳም፣ አይናገርም። አንድ ክንድ ያህል አፈር ከላይ የሚነደውን እሳት አያሳልፍም። ብር የሚቀልጠው ደግሞ 962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ከሣር ቤት ቃጠሎ ሥር የተቀበረ ገንቦ ምንም አይሆንም።

እዚህ ድረስ ለጎትላንዱም ለእኛም ገበሬ መልሱ አንድ ነው። ወላይታ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለያል።

የሚሄድ፣ የሚቦካና የሚተኛ ሀብት

በድሮው ወላይታ ሀብታም ማለት በመጀመሪያ ባለ ከብት ነው። ከብቱ የበዛለት ሰው ትልቅ ድግስ ደግሶ በአደባባይ ይከበር ነበር። ባለ ብዙ ከብት ግን ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያጉርም። «ሀራ» በሚባለው ሥርዓት ላሟን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ያረባታል፣ ወተቷን ይጠጣል። በሰሜኑ ርቢ የሚባለው ዓይነት ነው። «ኮታ» ደግሞ አለ፤ ሁለት ሦስት ሰው ተጋርቶ አንድ ከብት ይይዛል። ጥቅሙ ይታያችሁ፤ አንድ መንደር በሽታ ወይም ዘራፊ ቢገባበት፣ ሌላ መንደር ያለችው ላም ትተርፋለች። ከሁሉ በላይ ላሚቱ የማን እንደሆነች የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ባለቤቱ ቢሞት ልጁ ሄዶ «የአባቴ ላም እናንተ ጋ አለች» ይላል፤ ምስክር አያጣም።

ሁለተኛው ሀብት እንሰት ነው። ቁመቱ ከቤት በላይ ሆኖ በጓሮ ይቆማል፤ እንደ እህል ነዶ በአንድ ሌሊት ተጭኖ አይሄድም። ተፍቆ የወጣው ቆጮ ደግሞ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ይቦካል፣ ወራት አልፎም ዓመት ይቆያል። ወላይታ እንግዲህ መቅበር ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ምግቡን ሲቀብር የኖረ ሕዝብ ነው። ግን የቆጮ ጉድጓድ ምስጢር አይደለም። ቆፋሪዋም ጎረቤቷም ያውቁታል፤ በየጊዜው ይከፈታል፣ ቅጠሉ ይለወጣል።

ሦስተኛው ብር ነው። እንደ ላሟ ለሌላ ሰው በአደራ ቢሰጥ አይወልድም፣ አይታለብም፤ ተቀባዩ ለምን ይጠብቀዋል? እንደ ቆጮው ጎረቤት ካወቀው ያልቃል። ስለዚህ ብር ከሦስቱ ሀብቶች መካከል በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የሚጠበቀው ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው።

1887

ከወላይታ ዘመቻ በፊት በነበሩት ዓመታት አገሪቱ በሙሉ ክፉ ቀን የሚባለውን አሳልፋለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ በረቱን ባዶ አደረገው፤ ረኃብ ተከተለ። «ከብት ነው ሀብት» ይል የነበረ ሰው ሀብቱ በሳምንት ውስጥ ሲረግፍ አየ። ብር ግን በበሽታ አይሞትም።

በ1887 ዓ.ም. (በ1894 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ዘመተ። ካዎ ጦና እና ሕዝባቸው በብርቱ ተከላከሉ። ወላይታ ጠላት የሚከለክልበት ረጅም የካብና የቦይ መከላከያ ነበረው፤ እጃጆ ኬላን ያየ ሰው ይህ ሕዝብ መሬትን መሣሪያ ማድረግ እንደሚችል ይገባዋል። ጠብመንጃ ግን በረታ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ያየውን ጽፏል፤ መንደር ተቃጠለ፣ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሺህ ከብትና ምርኮኛ ተነዳ።

እስቲ ሦስቱን ሀብቶች በዚያ ወር አስቧቸው። የሚሄደው ሀብት ተነዳ። እንሰቱ፣ ቢቆረጥም፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው የተረፈውን ሰው አቆየው። የተኛው ሀብትስ? ብር የነበረው ሰው ቀብሮ ከሆነ ብሩ ከዘረፋ ድኗል። ጥያቄው ሰውየው ድኗል ወይ ነው።

ከዘመቻው በኋላም የመቅበሩ ምክንያት አላበቃም። ገበሬው ገባር ሆነ፤ በመሬቱ ላይ ነፍጠኛና ሹም ተመደበበት። የታየ ሀብት የሚጠየቅ ሀብት ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ለወላይታ ገበሬ በኩሬ ማዶ እንዳለ ዓሣ ነበር። ስለዚህ ገበያ ወርዶ፣ በሬ ሸጦ ጠገራ ያገኘ ሰው፣ ሰላም በሆነበት ዓመትም ጠገራውን የሚያሳድርበት ቦታ ያው ወለሉ ሥር ነው።

አሁን ያስታውሱት ያልኳችሁን እንመለስበት። ጎትላንድ የደረሰው ዲርሃም ከፊሉ የሰው ዋጋ ነበር። ወደ ደቡብ የገባው ጠገራም እንዲሁ ነው፤ ከዝሆን ጥርስና ከቡና ጋር ሰው የተሸጠበት ገንዘብ ነው። ስለ ተቀበረ ብር ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ባለ ብሩ እናስባለን። የተሸጠውንም እናስብ።

የታሪክ ጥያቄው «ለምን ቀበሩት?» አይደለም

ብር መቅበር እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ባንክ በሌለበት ሁሉ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ነበር። ሺህ ሰው ይቀብራል፣ ሺህ ሰው ያወጣል፤ ያ አሻራ አይተውም። አርኪዮሎጂስት የሚያገኘው ያልወጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሬት የተገኘ ብር ሁሉ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው አልተመለሰም።

ለዚህ ነው የተቀበረ ብር የበዛበት ዘመን የብልጽግና ዘመን ነው ብለን መቸኮል የሌለብን። በጥንቷ ሮም፣ ሳይወጣ የቀረ ሳንቲም የሚበዛው ሐኒባል ጣልያንን በወረረበትና እርስ በርስ በተዋጉበት ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር ኩየርዴል በሚባል ቦታ በ1840 (እ.ኤ.አ.) የወንዝ ዳር የሚጠግኑ ሠራተኞች 40 ኪሎ ገደማ የቫይኪንግ ብር አገኙ። የተቀበረው ከ905 እስከ 910 ባለው ጊዜ ነው፤ ቫይኪንጎች በ902 ከደብሊን ከተባረሩ ብዙም ሳይቆይ።

የእኛም ታሪክ ምሳሌ አለው፤ ያውም ከባሕር ማዶ። በየመን፣ ከኤደን ብዙም በማይርቅ አል መዳሪባ በሚባል ቦታ፣ ከ1,100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተቀብረው ተገኝተዋል። ከ300 በላይ የሚሆኑት የአክሱም ነገሥታት ናቸው፤ የቀሩት የሮም። በ6ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ካሌብ ጦር ይዘው ወደ የመን የተሻገሩበት ዘመን ነው። ማን እንደ ቀበረው ስሙ አልተጻፈም። አንድ ሰው ግን አፈር መልሶ፣ ምልክት አስቀምጦ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

አይስላንዶች ስለ ጥንት ጀግኖቻቸው ያቆዩት ትረካ ሳጋ ይባላል። በአንዱ ሳጋ ውስጥ ኤጊል የተባለ ሽማግሌ አለ፤ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ቤተሰቡ ተሰላችቶበታል። አንድ ሌሊት ሁለት ሣጥን የእንግሊዝ ብር አስጭኖ ከሁለት ባሮች ጋር ይወጣል። ጠዋት ብቻውን ይመለሳል። ብሩን ደበቅሁ፣ ባሮቹንም ገደልኩ አለ፤ የት እንደሆነ ግን ሳይናገር ሞተ። ያ ሳጋ እውነት ይሁን ተረት፣ ምስጢሩ በአንድ ጭንቅላት ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን በደንብ ያውቃል። ሳይናዘዙ ያረፉት የእኛ አያትም ያው ናቸው፤ እሳቸው ማንንም አልገደሉም እንጂ።

ሀራ ያለችው ላም ባለቤቷ ቢሞት ሰው ያውቃታል። ገንቦው ግን ከባለቤቱ ጋር ሞተ። የተቀበረ ሀብት የምንለው እንግዲህ የጠፋ ትዝታ ነው።

ቀኑን የማይናገር ሳንቲም

እዚህ ላይ ለእናንተ ቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። ጎትላንድ ላይ አንድ ዲርሃም ሲገኝ የት እና በየትኛው ዓመት እንደተመታ ላዩ ላይ በዐረብኛ ተጽፎበታል። ከክምችቱ የመጨረሻውን ዓመት የያዘውን ፈልጎ «ከዚህ በፊት አልተቀበረም» ማለት ይቻላል። ጠገራው ግን ሁሉም 1780 ነው የሚለው! በቪየና በ1800 የተመታውም፣ ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ ከ1935 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሮም ያስመታውም፣ እንግሊዞች ከ1936 ጀምሮ በለንደን የመቱትም 1780 ይላል። ባለሙያ በትናንሽ ልዩነቶች ይለያቸው ይሆናል፤ ግን በአጉሊ መነጽር ነው።

ስለዚህ የእኛን ብር ዘመን የሚናገረው በዋናነት በዙሪያው ያለው ነገር ነው፦ ገንቦው፣ የገንቦው ቅርጽ፣ ከብሩ ጋር ያለ ዶቃ ወይም ጨርቅ፣ ጥልቀቱ፣ ከምድጃ ወይም ከምሰሶ ያለው ርቀት፣ ከላይ የቃጠሎ አመድ መኖር አለመኖሩ። ከአመድ ሥር የተገኘ ገንቦና ከአመድ በላይ የተገኘ ገንቦ ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው። አንደኛው ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት የቀበረ ሰው ነው፤ ሌላው ከቃጠሎው ተርፎ እንደገና የጀመረ።

አፈሩም ይመርጣል። ብረት በእርጥብ ቀይ አፈር ውስጥ ዝጎ ያልቃል፤ ገበሬው በብረት ቁራጭ ተገበያይቶ ቢሆን እንኳ ያ ገንዘብ ቶሎ ይጠፋል። ጨርቅ ይበሰብሳል፤ አሞሌ ጨው ይሟሟል። ብር ግን ይጠቁራል እንጂ አያልቅም፤ ጥቁሩ ነገር ብርና ድኝ ተዋሕደው የሠሩት ሽፋን ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ከውስጡ ካለው መዳብ የመጣ ነው። መሬት እንግዲህ የባለ ብሩን ታሪክ ያቆያል፣ የባለ ብረቱንና የባለ ጨውን ታሪክ ይበላል። ያገኘነውን ብቻ አይተን «የዚያን ዘመን ሰው ገንዘቡ ብር ብቻ ነበር» ብንል እንሳሳታለን።

ገንቦ ብታገኙ

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራውን ተካ። በዚያን ጊዜ የወጣው አለ፤ ባለቤቱ የሞተበት ግን የት ይሰማል? ዛሬ ሶዶ እየሰፋች ነው፣ ቢጠናም ቤት እየተሠራባት ነው። መሠረት ሲቆፈር፣ የውኃ ቱቦ ሲቀበር፣ አካፋው ገንቦ ይመታል። ያኔ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ገንቦው ይሰበራል፣ ጠገራው በአመድ ይታሻል፣ በግራም ተመዝኖ ለአንጥረኛ ይሸጣል። ማታውን ቀልጦ አምባር ይሆናል። የተገኘው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው፤ የጠፋው ግን በወር ደመወዝ የሚለካ አይደለም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ እስኪመጡ ድረስም እንዲጠብቅ ያዝዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላኛው ክፍል ነው፤ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት አዋጁ ይላል። ስለዚህ አካፋችሁ ገንቦ ቢመታ፣ አቁሙ። አትጠቡት፣ አትሹት። በስልካችሁ ከነጉድጓዱ ፎቶ አንሡ፣ ጥልቀቱን ለኩ፤ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። «ቆፍሬ አገኘሁት» እያለ ናስ በወርቅ ስም ሊሸጥላችሁ የሚመጣውን አጭበርባሪ ግን በሩቁ ሸኙት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ሥራ አለ፤ አካፋም አያስፈልገውም። አያት ካላችሁ ጠይቋቸው። «ጠገራው የት ነው?» ብላችሁ ሳይሆን፣ ያኔ ምን ይፈሩ እንደነበር፣ ላማቸውን ሀራ የሰጡት ለማን እንደነበር፣ በክፉ ጊዜ ቆጮ ያካፈላቸው ጎረቤት ማን እንደነበር። ብሩን ያጠፋው አፈሩ አልነበረም። በጊዜ ያልተጠየቀ፣ በጊዜ ያልተነገረ ቃል ነው ያጠፋው።